ለጥንቸል ሽማግሌ የላኩት አቶ ተሾመ

እግዚአብሔር ሰውን ሁለት ዓይነት አድርጎ የፈጠረው ይመስላል፤ አንደኛው ሥራ ይሠራል፣ ሁለተኛው ለሥራ ይዘጋጃል። ይህን ሁለተኛውን ሰው የማያውቅ ሰፈር የለም። ሠርግ ሲጠራ ልብስ ሰፊ ዘንድ ይሄዳል፤ ልብሱ ተሰፍቶ ሲያልቅ ሙሽሮቹ ክርስትና ያስነሣሉ። ጣሪያው ሲያፈስ መሰላል ያሠራል፤ መሰላሉ ሲደርስ ክረምቱ ወጥቷል። ሰነፍ ነው እንዳትሉት ከጠዋት እስከ ማታ አይቀመጥም። ውሸታም ነው እንዳትሉት ያለው ሁሉ እውነት ነው፣ ጊዜው ብቻ ነው ያለፈው።

ከየካ ሚካኤል በላይ፣ የእንጦጦ ዳገት በሚጀምርበት በእኛ ሰፈር ይህን ማዕረግ የያዙት አቶ ተሾመ ናቸው። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የመንግሥት ዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነበሩ። እሳቸው ከግምጃ ቤቱ ወጡ እንጂ ግምጃ ቤቱ ከእሳቸው አልወጣም። ደብረ ዘይት ዘመድ ሲሞትባቸው በጉዞው ዋዜማ አውቶቡስ ተራ ወርደው አውቶቡሱን አይተው ይመለሳሉ፤ ጎማው ካላማራቸው ሌላ ቀን ሌላ አውቶቡስ ያያሉ። ስለዚህ ለለቅሶ ተዘጋጅተው ለተዝካር ይደርሳሉ። «ምነው ቆዩ?» ሲባሉ ቅር አይላቸውም። «ዝም ብሎ ይኬዳል እንዴ?» ይላሉ።

ሰፈሩ በዘመኑ አጠራር «ጓድ ዝግጅት» ብሎ ሰይሟቸዋል። ከኋላቸው ነው እንጂ ፊት ለፊትማ ጋሼ ተሾመ ናቸው፣ አንቱ ናቸው። «አንተ» የምትላቸው ሚስታቸው የሺሃረግ ብቻ ናት። እሷ በተፈጥሮዋ ቶሎ ቶሎ የምትል ሴት ናት። እግዜር ጋብቻን የሚያዘጋጀው እየሳቀ ነው መሰል።

«የረጋ ወተት ቅቤ ይወጣዋል፣ የሺ» ይሏታል።

«የአንተስ ቅቤው ወጥቶ፣ ተነጥሮ፣ ሻግቷል» ትላቸዋለች።

በዚያ ክረምት የልጃቸው ልጅ ፀዳለ ከእነሱ ጋር ነበረች። እናቷ አስተማሪ ናት፤ ጋሞ ጎፋ ተመድባ ስትሄድ የስድስት ዓመቷን ልጅ ለወላጆቿ ትታ ሄደች። ፀዳለ አላለቀሰችም። ብታለቅስ የሺሃረግ ታውቅበት ነበር፤ ለሚያለቅስ ልጅ መድኃኒት አይጠፋም። ይቺ ልጅ ግን ምንም ነገር መጠየቅ አቆመች። ውኃ ሲጠማት እንኳ ሄዳ ከገንቦው አጠገብ ትቆማለች እንጂ «ስጡኝ» አትልም። የሺሃረግ ይህን እያየች ሌሊቱን ትገላበጥ ነበር።

አንድ እሑድ ሦስቱም ኮተቤ ሄዱ። እዚያ ጉደታ የሚባል፣ በፊት ከአቶ ተሾመ ጋር ግምጃ ቤቱን ይጠብቅ የነበረ ሰው፣ የአንድ ትልቅ ግቢ ዘበኛ ሆኖ ይኖራል። ከዘበኛ ቤቱ ጀርባ የራሱን ጥንቸሎች ያረባል። አንዷ በቅርቡ ወልዳ ግልገሎቹ ገና ዓይናቸውን መግለጣቸው ነው። ፀዳለ ሽቦው ሥር ቁጢጥ አለች፤ ከዚያም ሳትነሣ ቀኑ መሸ። ሊሄዱ ሲሉ የአያቷን እጅ ያዘችና፣

«አባባ፣ አመድማዋን ትንሿን እንውሰዳት?» አለች።

እናቷ ከሄደች ወዲህ አንድ ነገር ስትጠይቅ ይህ የመጀመሪያዋ ነበር። የሺሃረግ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ አስጠጋች።

ጉደታ ሳቀ። «ያንቺ ናት! አሁን ግን ጡት አልጣለችም። ሣር መብላት ስትጀምር መጥታችሁ ውሰዷት።»

የሺሃረግ በመንገድ ላይ ሂሳቡን ጨረሰች። ሣር፣ ውኃ፣ አንድ ሳጥን። አቶ ተሾመ ግን መገናኛ ሲደርሱ ቆመው «የሺ፣ ነፍስ ያላት ነገር ናት የምትመጣው። ዝም ብሎ ይገባል እንዴ?» አሉ።

ዘመቻው በማግሥቱ ተጀመረ። በራዲዮው ሁሉም ነገር ወደ ጦር ግንባር ሲባል፣ በአቶ ተሾመ ቤት ሁሉም ነገር ወደ ጥንቸሏ ሆነ። አሮጌ የሻይ ሳጥን ተገኘ፤ ተለካ፣ ተላገ፣ ፀሐይ እንዲመታው ተብሎ ፀሐይ በሌለበት ክረምት ደጅ ወጣ፣ ዝናብ ሲመታው ተመልሶ ገባ። አንድ ቀን የሺሃረግ ከጎረቤት ስትመለስ ባሏን በሆዳቸው ወለሉ ላይ ተዘርግተው አገኘቻቸው።

«በስመ አብ! ምን ሆንክ? ወደቅህ?»

«ዝም በይ፣ ቤቱን በእሷ ዓይን እያየሁት ነው» አሉ ከመሬት ሳይነሡ። «ከዚህ ሆኖ ሲያዩት ይህ ቁም ሣጥን ያስፈራል።»

ከተጋቡ ጀምሮ ንቅንቅ ያላለው ቁም ሣጥን ከቦታው ተነሣ።

ቀጥሎ እንጦጦ ወጡ፤ የዱር ጥንቸል እንዴት እንደምትኖር ለማጥናት ነው። ዣንጥላቸውን ይዘው፣ ጫማቸውን ጠርገው፣ ስንቅ አስቋጥረው ባሕር ዛፉ መካከል ሲዞሩ፣ ኢቲቻ የሚባል የዚያ ገበሬ አገኛቸው።

«ጋሼ፣ አደን ነው?»

«የለም፣ የጥንቸልን አኗኗር ላጠና ነው።»

«እንግዲያው ይፍጠኑ፤ አኗኗሯ ሩጫ ነው» አላቸው።

ጅራት ብቻ አይተው ተመለሱ። ግን ባዶ እጃቸውን አልመጡም፤ ከኢቲቻ አንድ እስር ድርቆሽ አመጡ። ከዚያ ምን እንደምትበላና እንደምትጠጣ ሰፈሩን ማዳረስ ሆነ። አንዱ «ጥንቸል ውኃ አትጠጣም፣ ጤዛ ነው የምትልሰው» አለ። ጎረቤታቸው አሳየች ደግሞ «ጋሼ፣ እሷ እንደሆነች ዓመቱን ሙሉ ጿሚ ናት፤ ለእርስዎ ቤት የምትመጥን ክርስቲያን እሷው ናት» ብላ ሳቀችባቸው። አቶ ተሾመ ቀልድ ይገባቸዋል፤ ነገር ግን በዝግጅት ላይ ሳሉ አይገባቸውም። በዚያ ሳምንት ጾም በሚፈታበት ቀን ለጥንቸል ምን እንደሚሰጥ ሲጠይቁ ነበር።

ቀበሌም ሄዱ። አዲስ ነዋሪ ሲመጣ ማስመዝገብ ግዴታ ነው ብለው ነው። ሊቀ መንበሩ ሽጉጡን ጠረጴዛው ላይ አድርጎ ሰማቸውና፣

«ከየት ነው የምትዛወረው?» አላቸው።

«ከኮተቤ።»

«እንግዲያው ከነበረችበት ቀበሌ መልቀቂያ ይዛ ትምጣ። ስኳር ግን አንጨምርም!»

ጸሐፊዎቹ በሳቅ ጠረጴዛው ላይ ሲደፉ አቶ ተሾመ አመስግነው ወጡ። ቤት ሲደርሱ «መልቀቂያ የሚሉት ነገር አለ» አሏት ለሚስታቸው። የሺሃረግ ሳቋን ይዛ ጓዳ ገባች። እዚያ ግን ሳቁ አልመጣላትም። ጥንቸሏ በኮተቤ ሣር መቀንጠብ ጀምራለች ተብሏል። ልጅቷም ጠዋት ጠዋት ሳጥኑ ዘንድ እየሄደች ማየት ጀምራ ነበር፤ ሰሞኑን ደግሞ ማየቱንም ትታዋለች።

ሳጥኑ የቀረው የበሩ ማጠፊያ ብቻ ነበር። ማጠፊያ ደግሞ በዚያ ዘመን ከየትም አይገኝም።

«ቁራጭ ቆዳ ምታበት፣ ያልቃል» አለች የሺሃረግ።

«በቆዳ የተንጠለጠለ በር ሽለምጥማጥ ይመልሳል? ጅብ ይመልሳል?»

«ጅብ ቤት ውስጥ ምን ሊሠራ ይገባል፣ አንተ ሰውዬ!»

«እሱን ነው የምልሽ። ተዘጋጅተን ብንጠብቀው አይገባም።»

የሺሃረግ ጅቡን ትታ «በል ሳጥኑ ሳያልቅም ቢሆን እንሂድና እናምጣት፤ ጡት ጥላለች» አለቻቸው። ያን ጊዜ ነው አቶ ተሾመ ለዚህ ሁሉ ዝግጅት ጉልላቱን የደፉለት።

«ልጅን ከእናቷ የሚወስድ ሰው እጁን ኪሱ ከትቶ ይሄዳል እንዴ? ሽማግሌ ይላካል እንጂ!»

የሺሃረግ ቀልድ መስሏት ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ግን የእድሩ ዳኛ አቶ ዓለሙ ነጭ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ከዘራ ይዘው በር ላይ ቆሙ። እሳቸውና አቶ ተሾመ፣ ሁለቱ ሽማግሎች፣ በውይይት ታክሲ ተሳፍረው ኮተቤ ሄዱ።

የሆነውን ሁሉ ለየሺሃረግ የነገሯት አቶ ዓለሙ ናቸው፤ ሲነግሯትም የሳቅ ዕንባቸውን እየጠረጉ ነበር። ጉደታ ወንበር ሲሰጣቸው «ጉዳያችንን ሳንናገር አንቀመጥም» አሉ። ቆመውም፣ «ከእርስዎ ቤት አንዲት ልጅ ፈልገን መጥተናል» አሉ። ጉደታ መጀመሪያ ደነገጠ፤ ሴት ልጅ የለውም። ነገሩ ሲገባው ግን ወግ የሚያውቅ ሰው ነውና ፊቱን ኮስተር አደረገ።

«ወገኖቼ፣ መልካም ብላችሁ መጥታችኋል። ግን ልጅ የአባት ብቻ አይደለችም። እናት አለች፣ አጎት አለ፣ አክስት አለ። እስቲ ልመካከርበት። ከመስቀል በፊትም ልጅ አልድርም።»

እንዲህ ያለው በቀልድ ነው። ሽማግሎቹ ትንሽ ቢለማመጡት ወይም ሳቅ ቢሉ፣ እዚያው ቆመው ሳለ አንሥቶ ይሰጣቸው ነበር። አቶ ዓለሙ ሊስቁ ከንፈራቸውን ሲያንቀሳቅሱ አቶ ተሾመ በክርናቸው ጎሸሟቸው። እጅ ነሥተው፣ የቀጠሮውን ቀን ተቀብለው ወጡ። በመጀመሪያው ቀን እሺ ያለ አባት የት አለ? አቶ ተሾመ በአቀባበሉ እጅግ ረክተው ነው የገቡት።

«ለመስቀል ቀጠሮ ሰጡን» አሉ ለፀዳለ።

«አባባ፣ እስከዚያ እኔ ራሴ አድጌ አላገባም?» አለች። ከዚያም ወጥታ በረንዳው ላይ ተቀመጠች። ጥንቸል የሚለው ቃል ከአፏ ጠፋ። የሺሃረግ በዚያ ሌሊት ባሏን ጀርባ ሰጥታ ተኛች።

ጳጉሜን ገባ። ዝናቡ ሳይታክተው ቁልቁል ይወርዳል። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ አሳየች ከኮተቤ ገበያ ስትመለስ የራሷን ቤት አልፋ በሩጫ ወደ እነሱ ገባች።

«የሺሃረግ! ጉደታ ነው የላከኝ። ለአብዮት በዓል ግቢያቸው የውጭ እንግዶች ይመጣሉ አሉ፤ ፈረንጆቹ ጥንቸል ይበላሉ። ጥንቸሎችህን ሁሉ ለወጥ ቤት ስጥ ተብሎ ታዟል፤ ነገ በማለዳ መጥተው ይቆጥሯቸዋል። እሱ ከበሩ ንቅንቅ ማለት አይችልም። ዛሬ የሚመጣ ካለ ይምጣ፣ ነገ ግን ድስት ነው ብሏል።»

ፀዳለ በረንዳው ላይ ሆና ሰማች። አያቷን ብቻ አየቻቸው።

አቶ ተሾመ ጋቢያቸውን ለብሰው ሳጥኑ አጠገብ ተቀምጠው ነበር። «ዛሬ?» አሉ። «ዛሬማ እንዴት ይሆናል? ማጠፊያው…»

የሺሃረግ የዘመናት ብሶቷ ገነፈለ። «ማጠፊያህን ታቅፈህ ቁጭ በል! ለአንዲት የእጅ መዳፍ ለምታህል ነገር ክረምቱን ሙሉ ተዘጋጅተህ ለድስት አበቃሃት! እኔ እሄዳለሁ!» ብላ ነጠላዋን ልታመጣ ጓዳ ገባች። ነጠላው በቶሎ አልተገኘም፤ የተገኘውም እርጥብ ነበር። ስትመለስ ሳጥኑ አለ፣ መዶሻው አለ፣ አቶ ተሾመ የሉም።

«የት ሄደ?»

«ወጡ» አለች ፀዳለ።

«ማጠፊያ ፍለጋ ነው! ወይ እኔ፣ ወይ የእኔ ዕድል!» እያለች ጫማዋን ለማድረግ ጎንበስ አለች። ጫማዋ የለም። ኮንጎ ጫማዋን ሁልጊዜ በሩ ሥር ነው የምታስቀምጠው። አልጋው ሥር አየች፣ ደጅ አየች። አልጋው ሥር የነበረው የእሳቸው የቆዳ ጫማ ነው፤ ተወልውሎ፣ ክሩ ተስተካክሎ፣ አፉን ወደ ውጭ አዙሮ ተቀምጧል። ቀና ስትል ዣንጥላቸው ከሚስማሩ ላይ ተሰቅሏል። ባርኔጣቸውም አለ።

የሺሃረግ ያን ሁሉ አየችና ቀስ ብላ አልጋው ላይ ተቀመጠች። ማጠፊያ ፍለጋ የሚሄድ ተሾመ ዣንጥላውን አይረሳም። ይህ ሰው የሚስቱን ጫማ አጥልቆ፣ ተረከዙ ከኋላ ወጥቶ፣ በዚህ ዝናብ ኮተቤ ድረስ ሮጧል።

«እማማ፣ አንሄድም?» አለች ፀዳለ።

«ተሄዷል፣ ልጄ። ነይ ከጎኔ ተቀመጪ።»

ተቀመጡ። ቁጣዋ አሁን ሌላ ነገር ሆነ። ዳገቱ ያዳልጣል፣ ሰውየው ሽማግሌ ነው፣ ውይይቱ በዝናብ ቀን ይጠፋል። እዚያ ሲደርስ ደግሞ ወጥ ቤቶቹ ቀድመው ቆጥረው ቢሆንስ? ባዶ እጁን ቢገባ ይቺ ልጅ ሁለተኛ ማንን ትጠይቃለች? ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ጀመር፤ ለሚካኤል ስለት የተሳለችው በዚያ ሰዓት ነው፣ ለጥንቸል መሆኑን ግን አልነገረችውም።

ሊመሽ ሲል በሩ ተገፋ። አቶ ተሾመ በሸሚዝ ብቻ ናቸው፤ ውኃው ከፀጉራቸው እስከ አገጫቸው ይወርዳል። ከኮንጎው አንዱ እግር የለም። ጋቢያቸውን እንደ አራስ ልጅ ጠቅልለው ደረታቸው ላይ ታቅፈውታል።

ወለሉ ላይ ተቀምጠው ጋቢውን ፈቱት። አመድማዋ ትንሿ ከውስጡ ወጣች፤ ጠጉሯ ደረቅ ነው፣ አፍንጫዋ ይንቀጠቀጣል። ፀዳለ አንድ ጣቷን ዘርግታ በጆሮዎቿ መካከል ነካቻት።

ከዚያ ጋቢው እንደገና ተንቀሳቀሰ። ሁለት ትልልቅ ጆሮዎች ብቅ አሉ፣ ቀጥሎም አንድ ድመት የምታህል ጥንቸል።

«ይቺስ?» አለች የሺሃረግ።

«እናቷ ናት።»

«እናቷን ማን ጠየቀ? ጉደታስ ነገ ሲቆጥሩበት ምን ሊል ነው?»

«ሽለምጥማጥ በላብኝ እላለሁ ብሏል።»

«ሳጥኑ እኮ ለአንድ ነው የተሠራው! የልኬቱን ነገር ክረምቱን ሙሉ አልነበር ስትነግረኝ?»

አቶ ተሾመ ዓይናቸውን ወደ ፀዳለ መለሱ። ልጅቷ ትንሿን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ እናቲቱ እየተጠጋች ስታሸታት ትመለከት ነበር።

«ጉደታ ትንሿን አንሥቶ ሲሰጠኝ» አሉ፣ «እናቲቱ እስከ ሽቦው ድረስ ተከትላ መጣች። ቆማ ታየኛለች። ምን ላድርግ የሺ? አልተዘጋጀሁም ነበር። ተዘጋጅቼ ሄጄ ቢሆን አንዷን ብቻ ነበር የማመጣው።»

የሺሃረግ ደረቅ ሸሚዝ አውጥታ ጭናቸው ላይ ጣለችላቸው።

«እማማ» አለች ፀዳለ፣ «ጎመን አለ? ውኃስ የት እናድርግላቸው? ስም ማውጣት እችላለሁ? እኔ ዘንድ ይተኛሉ?» ከዚያ ማታ ጀምሮ ይቺ ልጅ መጠየቅ አላቆመችም፤ ዛሬ ትልቅ ሰው ሆና እንኳ አላቆመችም።

በማግሥቱ ሰማዩ ትንሽ ገለጥ ብሎ ነበር። ሁለቱ ጥንቸሎች የቁም ሣጥኑ ቦታ ላይ ድርቆሽ እየበሉ፣ አቶ ተሾመም በጉንፋን ድምፃቸው ተዘግቶ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ይመለከቷቸዋል። ከአጥር ማዶ አሳየች «ጋሼ፣ ትናንት በየሺሃረግ ጫማ ሲሮጡ ያየ አለ አሉ!» ብላ ስትጮኽ የሺሃረግ መስኮቱን ዘጋችባት።

ከዚያ መለኪያ ሜትሩን ከመሳቢያ አውጥታ ለባሏ ሰጠቻቸው።

«ለሁለቱ የሚሆን ቤት ያስፈልጋል» አለች።

አቶ ተሾመ ሜትሩን ተቀብለው ሚስታቸውን ተጠራጥረው አዩዋት። «ዛሬውኑ ልጀምር?»

«ቀስ ብለህ» አለቻቸው። «ምን አስቸኮለህ?»